ሰንበትና አደን፦ ከመጽሐፈ ኩፋሌ እስከ ፔንስልቬንያ

መጽሐፈ ኩፋሌን ለተማሪዎች ሳስነብብ ብዙውን ጊዜ የምዘገየው በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፣ በፍጥረት ታሪክና በትጉሃን መላእክት ውድቀት ላይ ነው። የመጨረሻው፣ ሃምሳኛው ምዕራፍ፣ ሰሚስተሩ እያለቀ ስለሚደርስ ባንድ ክፍለ ጊዜ ተነቦ ይታለፋል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን እንዲሁ አንብበን ልንነሣ ስንል ከቆላ አገር የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ በሰንበት ማሽላ የሚበላ ዝንጀሮ ማባረር ከአደን ይቆጠራል ወይ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቢሮዬ ገብቼ ስቀመጥ ግን ሳቄ አሳፈረኝ። ጥያቄው ልጅ ሳለሁ ከአባቴ አፍ የሰማሁት ነበርና።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ ያልሰጠሁትን መልስ ፍለጋ ነው። በሰንበት ማደን ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ክርክር በዘመናችን በተለይ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የምክር ቤትና የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ሥሩን ወደ ኋላ ሲከተሉት ግን በግዕዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ ወደ ቆየ መጽሐፍ ይደርሳሉ። የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ክርክሩ ሲነሣ ጎልተው የሚሰሙት የካህኑና የአዳኙ ድምፆች ናቸው፤ ነገሩን ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚያዘነብለው ግን ሦስተኛ ሰው፣ ማሳ ያለው ገበሬ ነው። (የዓመታቱ አቆጣጠር በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ከኦሪት እንጀምር። በኦሪት ዘፀአትና በኦሪት ዘዳግም ያሉት የሰንበት ትእዛዛት ሥራን በጠቅላላው ይከለክላሉ፤ ባሪያው፣ ገረዲቱ፣ መጻተኛው፣ በሬና አህያውም እንዲያርፉ ያዛሉ። ከዝርዝር ነገር እሳት ማንደድ ተጠቅሷል፤ በሰንበት እንጨት ሲለቅም የተገኘው ሰው ታሪክ በኦሪት ዘኁልቍ አለ፤ መና ለመልቀም የወጡት ሰዎችም ተወቅሰዋል። አደን ግን በስሙ ተጠርቶ አልተከለከለም። አደንን ለብቻው ጠርቶ በክልክል ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ኩፋሌ ነው።

ኩፋሌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምእት ዓመት በዕብራይስጥ የተደረሰ መጽሐፍ መሆኑ ዛሬ አያከራክርም። የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች ተገኝቷል፤ የላቲን ትርጉሙም በከፊል አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚነበበው ግን በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ዲልማን የግዕዙን ንባብ በ1859 አሳትሟል። በሃምሳኛው ምዕራፍ መልአኩ ለሙሴ የሰንበትን ሕግ ሲያጽፈው ክልክሉን ይዘረዝራል። ማረስ፣ መንገድ መሄድ፣ ውኃ መቅዳት፣ ሸክም መሸከም፣ እሳት ማንደድ፣ በእንስሳ ጀርባ መቀመጥ፣ በመርከብ መጓዝ፣ መግደል፣ ከብትና ወፍ ማረድ ከዝርዝሩ ይገኛሉ። አውሬ፣ ወፍ ወይም ዓሣ መያዝም ለብቻው ተጠቅሷል። ከሁሉ በኋላ መጾምና መዋጋት ይመጣሉ። ቅጣቱ ሞት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ዝርዝሩ መግደልን ከተከለከለ በኋላ መያዝን እንደገና ለብቻው ይከለክላል። አንባቢ «መግደል ከተከለከለ አደንስ በዚያው አልተከለከለም?» ሊል ይችላል። አልተከለከለም፤ ምክንያቱም ወጥመድ አይገድልም፣ ይይዛል። ዓርብ የተጠመደ ወጥመድ ቅዳሜ ቢይዝ ሠራ የሚባለው ማን ነው? ሰውየው ቤቱ ተኝቷል፤ ወጥመዱ ግን በሥራ ላይ ነው። ይህ የኔ ፍልስፍና አይደለም። የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ በሆነው በሚሽና የሰንበት ክፍል ውስጥ የሁለት የታወቁ ትምህርት ቤቶች፣ የሻማይና የሂሌል ወገኖች፣ በዚሁ ነጥብ ተከራክረው እናገኛቸዋለን። የሻማይ ወገን አውሬው፣ ወፉ ወይም ዓሣው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊያዝ የሚችልበት ጊዜ ከሌለ ዓርብ ወጥመድ መዘርጋት አይገባም ይላል፤ የሂሌል ወገን ይፈቅዳል። እንግዲህ በሰንበት ስለ ማደን የተደረገው ክርክር ቢያንስ የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው ማለት ነው። የተነሣውም አዳኙ ይራራ አይራራ በሚል አልነበረም፤ ሰው ሳይንቀሳቀስ የሚሠራለት ነገር የማን ሥራ ይባላል በሚል ነበር።

መዋጋት የሚለውም ክልከላ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። መጽሐፈ መቃብያን ቀዳማዊ በሚባለው የግሪክ መጽሐፍ (የእኛዎቹ ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን በይዘታቸው ሌላ መሆናቸውን ተማሪዎቼ ይረሱታል) በሰንበት አንዋጋም ብለው በዋሻ የተሸሸጉ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ከነቤተሰባቸውና ከነከብታቸው አልቀዋል። ከዚያ በኋላ ማታትያስና ወገኖቹ ጠላት በሰንበት ቢመጣብን እንከላከላለን ብለው ወሰኑ። ኩፋሌ የተጻፈው በዚያው ምእት ዓመት ነው፤ በጦርነት ጉዳይ የያዘው ቃል ግን የማይመለስ ነው። ጠላት በሰንበት ቢመጣስ? የሚለው ጥያቄና ዝንጀሮ በሰንበት ቢመጣስ? የሚለው ጥያቄ በመጠን እንጂ በዓይነት የሚለያዩ አይመስለኝም።

ክርስትና የመንግሥት ወዳጅ በሆነ ጊዜ የመጀመሪያው የእሑድ ዕረፍት አዋጅ በ321 ከንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ወጣ። አዋጁ ዳኞችና የከተማ ሰዎች እንዲያርፉ፣ የእጅ ሥራም እንዲቆም ያዛል፤ ገበሬን ግን በግልጽ ነፃ ያደርገዋል። የሰጠው ምክንያት ማንም ባላገር የሚረዳው ነው፦ የዘር ወይም የወይን ተከላ ቀን አንዴ ካመለጠ አይመለስም። ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ የቢዛንጥዩም ንጉሠ ነገሥት ልዮን ስድስተኛ፣ ጠቢቡ የሚባለው፣ ያን ነፃነት ሻረው። ገበሬም እንደ ከተሜው እንዲያርፍ አዘዘ። ፍሬውን የሚጠብቀው የቀኑ ጌታ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንደ ልዮን ይፈርዳል፤ በረዶ ወርዶበት የሚያውቅ ሰው ደግሞ እንደ ቆስጠንጢኖስ። እኔ በልጅነቴ በረዶ ሲወርድ አይቻለሁ።

በእኛ አገር የሰንበት ክርክር ታላቁ ጥያቄ ሌላ ነበር፤ የትኛው ቀን? የሚል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበትም ከእሑድ ጋር ትከበር በማለት ተሰደው በ1352 በአርመን አገር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ለዘመናት ከተወገዙ በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰነ። ክርክሩ የደገፈበት አንዱ ምስክር በሲኖዶስ ውስጥ የሚገኘው፣ አገልጋዮች አምስት ቀን ሠርተው ሁለቱን ሰንበታት እንዲያርፉ የሚያዘው ሥርዓት ነው። ይህን ምስክር በነገረ መለኮት ዓይን ብቻ ማየት ለምደናል፤ ነገር ግን ቃሉ የሚናገረው ስለ አገልጋይ ነው፤ የራሱ ቀን ስለሌለው ሰው።

በ1555 ዐፄ ገላውዴዎስ የሮማ ካህናት «አይሁዳዊ ሥርዓት ትከተላላችሁ» ላሉት ክስ የሃይማኖቱን መግለጫ ሲጽፍ ቀዳሚትን እንደ አይሁድ አናከብርም ይላል። አይሁድ በዚያ ቀን ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ አይጋግሩም፣ ከቤት ወደ ቤት አይዘዋወሩም፤ እኛ ግን ቅዱስ ቍርባን እናቀርብባታለን፣ ማዕድ እናደርግባታለን ይላል። ይህን ከኩፋሌ ሃምሳኛ ምዕራፍ ጋር አስተያይቶ ያነበበ ሰው ይደነቃል። ውኃ አለመቅዳት፣ እሳት አለማንደድ፣ አለመዘዋወር ከኩፋሌ ዝርዝር ጋር የሚገጥሙ ናቸው፤ ኩፋሌ ደግሞ ከንጉሡ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት አንዱ ነው። ንጉሡ የራሱን መጽሐፍ ቃል የሌሎች አድርጎ አራቀው ማለት ነው። የሊቅነቱን ያህል ብልሃቱም አያንስም። ለኔ ጉዳይ የሚረባው ግን የሌለው ነገር ነው፦ በገላውዴዎስ ዝርዝር ውስጥ አደን አይገኝም። ክዶም አልጠቀሰው፣ አምኖም አልጠቀሰው።

ለምን? የኔ ግምት ይህ ነው። በእኛ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ቃል ውስጥ አደን የሚታየው በጀግንነት በር ገብቶ ነው። በፉከራው፣ በቀረርቶውና በሽለላው አዳኝ ማለት ገዳይ ነው፤ የሚቈጠረውም ዝሆን፣ አንበሳና ጎሽ ነው። ዝሆን የገደለ ሰው ጆሮውን ተበስቶ ሎቲ ያንጠለጥል ነበር። የዚህ ዓይነቱ አደን የቀን ጉዳይ አይደለም፤ ሳምንታት የሚፈጅ ዘመቻ ነው፤ እሑድ በመካከሉ ቢያልፍም ፎካሪው አይነግረንም። በሌላው ጫፍ ያለው፣ ገበሬው ማሳው ዳር የሚገድለው ከርከሮ፣ ጃርትና ዝንጀሮ፣ ከፉከራ ቁጥር አይገባም። ዝንጀሮ ገደልኩ ብሎ የሚፎክር ሰው ቢነሣ ራሱ መሳቂያ ይሆናል፤ ተማሪዎቼ የሳቁትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እንግዲህ የግዕዙ ጸሐፊ ስለ ቀኑ ሲከራከር፣ የአማርኛው ፎካሪ ስለ ግዳዩ ሲያወራ፣ እሑድ ጧት ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የተቀመጠው ሰው ከሁለቱም ሳይጻፍ ቀረ። ከቃለ መጠይቅና ከመስክ ሥራ ካልተገኘ በቀር በመዛግብት የሚገኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ እኔ የማውቀውን አንድ ምስክርነት ላስቀምጥ። ያደግሁት ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ ነው። ማሽላው ወተት ከያዘበት እስከሚታጨድ ድረስ ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮ ስለሚገባበት ማማ ተሠርቶ ይጠበቃል። አንድ ዓመት ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከርከሮ ገብቶ ካንዱ ማሳችን ግማሽ ያህሉን ደፍጥጦ አደረ። አባቴ ጧት ቅዳሴ ከመሄድ ይልቅ ሁለት ጎረቤት ጠርቶ፣ ውሻና ጦር ይዞ፣ ዱካውን ተከትሎ ገደሉ ሥር ካለው ጥሻ ድረስ ወረደ። አንዱን ገደሉ። ሥጋው እንደማይበላ የታወቀ ነው፤ እዚያው ጥለውት መጡ። በሳምንቱ የነፍስ አባቱ ይህን ሰምተው ቤት ድረስ መጡ። ጠላ ቀርቦላቸው ሳይቀምሱ ነበር የጀመሩት።

«ሰንበትን ሽረሃል» አሉት።

«አባ፣ ከርከሮው ሰንበት ያከብራል እንዴ?» አለ አባቴ። «እኔ መቼ ላደን ወጣሁ? እህሌን ልጠብቅ ወጣሁ እንጂ።»

ቄሱ እንደ ፈራሁት አልተቈጡም። ጥቂት አሰቡና፣ «ማሳህ ውስጥ ሆነህ ብታባርረው፣ ቢሞትም እንኳ፣ ጠበቅህ እልሃለሁ። ድንበርህን ተሻግረህ ገደል ድረስ ከተከተልከው ግን አደንህ፤ ጠበቅሁ አትበለኝ» አሉት። ቀኖና ሰጡት፤ ስግደቱን ሰገደ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ግን ለእናቴ፣ «ያባረርኩት እኮ ማታ ይመለሳል፤ ያልተመለሰው የሞተው ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለሚቀጥለው እሑድ መፍትሔ ያገኘለት በኔ ነበር። ልጅ ኃጢአት አይቈጠርበትም ተብሎ ማማው ላይ እኔ ወጣሁ፤ እሱ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከዚያ በኋላ አዝመራው እስኪገባ እሑድ እሑድ ጠባቂው እኔ ሆንኩ።

ያን ጊዜ የቄሱ ፍርድ ሰበብ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ግን ከየትኛውም አገር የሕግ መጽሐፍ የማያንስ ልዩነት ነው ያወጡት። ጥበቃና አደን የሚለያዩት በተገደለው እንስሳ ወይም በመሣሪያው አይደለም፤ በድንበር ነው። ይህን ልዩነት ይዘን ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ብንሻገር የሚጠቅመን ይመስለኛል፤ ዛሬ የሚጠቀሱት የእሑድ አደን ክልከላዎች የተወለዱት ከዚያው የእንግሊዝ ባህል ነውና።

በእንግሊዝ አገር ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች፣ ፒዩሪታኖች የሚባሉት፣ እሑድን እንደ ኦሪት ሰንበት ይጠበቅ ባሉ ጊዜ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በ1618 የጨዋታዎች መጽሐፍ የተባለውን አዋጅ አወጣ። ከቅዳሴ በኋላ ጭፈራ፣ ቀስት ውርወራና ዝላይ ይፈቀድ ይላል፤ ድብንና ኮርማን በውሻ ማስነከስን ግን በዚያ ቀን ይከለክላል። ንጉሡ ያቀረበው ዋና ምክንያት ሥራ ላይ የሚውለው ተራ ሰው በእሑድ ካልተጫወተ በየትኛው ቀን ሊጫወት ነው የሚል ነው። ይህን ምክንያት እንያዘው፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ከአዳኞች አፍ እንሰማዋለን።

በ1831 የወጣው የእንግሊዝ የአደን ሕግ በእሑድና በልደት ቀን የአደን እንስሳትን መግደል ከለከለ። የአደን እንስሳት ማለት ግን ምን ማለት ነው? ሕጉ ሲተረጕም ቆቅ፣ ፌዛንት፣ ግራውስና መሰል አዕዋፍን፣ ከእግረኛም ረጅም ጆሮዋን የሜዳ ጥንቸል ይጠራል። ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖረው ሌላዋ ጥንቸል ግን የለችበትም። (በአማርኛ ሁለቱንም ጥንቸል እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ስማቸው የተለያየ ነው።) የተጠበቁት አዕዋፍ የባለ ርስቱ መኰንን ጌጥና መዝናኛ ናቸው፤ ያልተጠበቀችው የጭሰኛውን ጎመን የምትበላ ናት። ቀኑ የእግዚአብሔር ቢባልም ዝርዝሩን ያወጣው ባለ ርስቱ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሜዳዋንም ሆነ የጉድጓዷን ጥንቸል በያዘው መሬት ላይ የመግደል የማይነጠቅ መብት ጭሰኛው ያገኘው በ1880 በወጣ ሌላ ሕግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ዝርዝር ታሪክ ያለው የፔንስልቬንያ ነው። ክፍለ ሀገሩን ያቀናው ዊልያም ፔን ኩዌከር ከሚባሉት ሰላማውያን ክርስቲያኖች ወገን ሲሆን በ1682 በተዘጋጁት የመጀመሪያ ሕጎች ውስጥ ሰው በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ከዕለት ሥራው እንዲያርፍ ተደንግጓል። ከምክንያቶቹ አንዱ ፍጥረት ዕረፍት እንዲያገኝ የሚል መሆኑ ልብ ይነካል፤ የኦሪትን በሬና አህያ ያስታውሰናል። በ1794 የወጣው ሕግ ግን ርኅራኄውን ትቶ ቅጣቱን ያዘ። ምግባረ ብልሹነትን ለመከላከል የወጣ ሲሆን በጌታ ቀን መሥራትን፣ ማደንን፣ መተኰስንና መጫወትን ባንድነት ከለከለ፤ መቀጫው አራት ዶላር ነበር። በ1873 ክልከላው በአደን ሕግ ውስጥ ለብቻው ተጻፈ። ከዚያ በኋላ የእሑድ ቲያትሩ፣ የኳስ ጨዋታውና ገበያው አንድ በአንድ ሲፈቀዱ አደን ቀረ።

የሥነ ጽሑፍ ሰው እንደ መሆኔ የሚስበኝ የሕጉ ቃል ባለበት ቆሞ ምክንያቱ ከሥሩ እየተለወጠ መሄዱ ነው። በ1961 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማክጋዋን ከሜሪላንድ በተባለው ክርክር የእሑድ ሕጎች መነሻቸው ሃይማኖት ቢሆንም አሁን የያዙት ዓላማ ለሁሉ አንድ የዕረፍት ቀን መስጠት ስለሆነ ሕገ መንግሥቱን አይጥሱም አለ። ቃሉ ያው ነው፤ አንድምታው ግን ሌላ ሆነ። እኛ አንድምታ ስንማር አንዱ ንባብ ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ሲወጣለት ንባቡ ይበለጽጋል እንላለን። በሕግ ግን እንዲህ አይደለም፤ የቀደመው ትርጓሜ ሞቶ አዲሱ በወንበሩ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲህ በፔንስልቬንያ የእሑድን ክልከላ ሲደግፉ የሚሰሙት በአብዛኛው በጫካ በእግር የሚጓዙ፣ ፈረስ የሚጋልቡ፣ ጸጥታ የሚሹና ገበሬዎች ሆኑ። በሳምንት አንድ ቀን ጥይት ሳንፈራ እንዋል ነው የሚሉት። አዳኞቹ የሚያነሡት ደግሞ የንጉሥ ጄምስን ምክንያት ነው፤ ሠራተኛው ስድስት ቀን ሲሠራ፣ ልጁም አምስት ቀን ትምህርት ቤት ሲውል፣ አባትና ልጅ አብረው ጫካ የሚወጡት መቼ ነው? ነገሩ ቀልድ አይደለም። ከ1963 ጀምሮ የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈተው ኅዳር መጨረሻ በሚውለው የምስጋና በዓል ማግስት ባለው ሰኞ ስለነበረ በብዙ ወረዳ ትምህርት ቤቶች በዚያ ቀን ይዘጉ ነበር፤ መክፈቻው ወደ ቅዳሜ የተዛወረው በ2019 ነው።

በክልከላው ዘመን ግን ሕጉ ሦስት እንስሳትን ለይቶ በእሑድም እንዲገደሉ ይፈቅድ ነበር፦ ቀበሮ፣ ቀበሮ መሰሉ ካዮቴና ቁራ። ዶሮና ግልገል የሚነጥቁ፣ እህል የሚለቅሙ ናቸው። እነሆ የእኛ ከርከሮና ዝንጀሮ። ሕግ አውጪው ለአዳኙ የነፈገውን እሑድ ለእርባታው ጠባቂ ሰጥቶታል፤ ቄሳችን በድንበር የለዩትን እሱ በእንስሳ ዓይነት ለየው።

በኅዳር 2019 ገዢው ቶም ዎልፍ የፈረመው ሕግ በዓመት ሦስት እሑዶችን ለአደን ፈቀደ። ለገበሬው የተከፈለ ዋጋም ነበረው፤ በሰው መሬት ያለ ፈቃድ መግባት የሚያስከትለው ቅጣት ጠነከረ፣ በእሑድ በግል መሬት የሚያድንም የባለ መሬቱን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲይዝ ተደነገገ። ይህን ሳነብ ቄሱ ትዝ አሉኝ። እሳቸው አባቴን ድንበር አትሻገር አሉት፤ የፔንስልቬንያ ሕግ ደግሞ ድንበሩ የማን እንደሆነ በወረቀት አሳይ አለ። በመጨረሻም በሐምሌ 2025 ገዢው ጆሽ ሻፒሮ ክልከላውን የሻረውን ሕግ ፈረመ፤ የአደን ኮሚሽኑም በዚያው ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ 13 እሑዶችን ለአደን ከፈተ። ከለውጡ ምክንያቶች አንዱ ነጭ ጭራ የተባለው አጋዘን በሰብል ላይ የሚያደርሰው ጥፋት ነው። ለጸጥታው ሲል ከተከላካዮቹ ጋር የቆመው ገበሬ በቆሎው ሲበላበት ወገኑን መለወጡ ሊያስገርም አይገባም። እንደኔ ግምት ለመዝናናት ብቻ ቢሆን ኖሮ የ1873ቱ ክልከላ ገና ይቆይ ነበር።

ሜይን የተባለው ክፍለ ሀገር ተቃራኒውን አሳይቷል። እዚያ በእሑድ ማደን የተከለከለው በ1883 ነው። በ2021 ሕዝቡ የምግብ መብት የሚል አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ ሲጨምር ባልና ሚስት፣ አደን ምግብ ማግኛ ስለሆነ የእሑዱ ክልከላ መብታችንን ይነካል ብለው ከሰሱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2024 ክሱን አልተቀበለም፤ አንቀጹ ሕገ ወጥ አደንን ከመብቱ ስላወጣ በተከለከለ ቀን ማደን በመብቱ አይሸፈንም አለ። ብልህ ፍርድ ነው፤ ግን ክብ ነው። ቀኑ የተከለከለው ሕገ ወጥ ስለሆነ፣ ሕገ ወጥ የሆነውም ቀኑ ስለተከለከለ። በፈረንሳይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ተነሣ። እዚያ እሑድ የአደን ቀን ነው፤ በጫካ የሚንሸራሸሩ ሰዎች በጥይት ከሞቱ በኋላ ብዙዎች ቀኑ ይዘጋ አሉ። መንግሥት በጥር 2023 እሑድን ሳይዘጋ ጠጥቶ ማደንን የሚከለክልና መሰል እርምጃ እንደሚወስድ አስታወቀ። በሦስቱም አገር ክርክር፣ በፔንስልቬንያ፣ በሜይንና በፈረንሳይ፣ ነገሩን የወሰነው ምክንያት ከእግዚአብሔር ስም ጋር አልተያያዘም።

የስሙ አለመጠራት ብዙ ለውጧል ወይ ብባል እጠራጠራለሁ። ኩፋሌ ቀኑን ለመላእክትና ለእስራኤል ሰጠ፤ ፍርድ ቤቱ ለሠራተኛው ሁሉ ሰጠ፤ እግረኛው ለራሱ ወሰደው። ያም ሆነ ይህ ዕረፍት የሚታወጅበት ቀን ሁሉ ነቅቶ የሚውል ሰው ይፈልጋል። ሲኖዶስ ያን ሰው አገልጋይ ብሎ በስሙ ጠርቶታል፤ ከእሱ በኋላ ያሉት ብዙዎቹ ሕጎች ግን አይጠሩትም። በኛ ቤት ጠባቂው እኔ ነበርኩ፤ ዕድሜዬም ዘጠኝ ነበር።

ያን ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ጠርቼ ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲሠራው ነገርኩት። መስክ ወርዶ ካህናትንና ገበሬዎችን እንዲጠይቅ፣ በተለይም ማሳ በሰንበት ማን እንደሚጠብቅ እንዲመዘግብ አዘዝኩት። ሲሄድ ቆም ብሎ፣ «እኛ ቤት የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ ራሴን ልጠይቅ መምህር?» አለኝ። ከራስህ ጀምር አልኩት።

ከማማው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም ነበር፤ በመካከል ጉብታ አለ። ነፋሱ ወደኛ ሲነፍስ ግን የደወሉ ድምፅ ይሰማል። ቅዳሴው የት እንደ ደረሰ በደወሉ እገምት ነበር፤ ዝንጀሮዎቹም ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ከማማው እስክወርድ ይጠብቁኝ ነበር።